ታድጊበታለሽ

ሚጣ ምላጩን በሁለት ጣቷ ይዛ የቀሚሱን የጎን ስፌት ልትተረትር ስትል፣ አክስቷ የስፌት መኪናዋን መርገጥ አቆመች።

«ቆይ እስቲ። ለክተሽዋል ወይስ ዝም ብለሽ ነው?»

«ለክቼዋለሁ። ትከሻዬ ላይ ቀረ። ጠቦኛል።»

 የልብስ ሰፊ ዓይን ልብስ ሲያይ ባለቤቱንም አብሮ ይለካልና፣ አክስቷ አንዴ ቀሚሱን አንዴ ሚጣን ተመለከተች። ከዚያ የጀመረችውን ሱሪ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ወንበሯን አስጠጋች።

ሚጣ የሚለው ስም የወጣላት ገና በዳዴ ሳለች፣ እዚሁ ሱቅ ጠረጴዛ ሥር የወደቀ ቁልፍ ስትለቅም ነው። እናቷና አክስቷ ጎን ለጎን እየሰፉ፣ እሷ እግራቸው ሥር አደገች። ዛሬ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ትረዝማለች፤ ስሙ ብቻ እንዳጠረ ቀርቷል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ወደ ሱቁ የምትመጣው አክስቷ ስትልካት ነው፤ በገዛ ፈቃዷ የመጣችው ዛሬ ነው፤ እሱም ቀሚስ ለማስቆረጥ።

ነገሩ የተጀመረው በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበር። መምህርቷ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ያመጣል፣ ቁራጮቹ ተገጣጥመው አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስ ይሆናሉ፣ እሱም በወላጆች ቀን ለጨረታ ይቀርባል አለች። በሚገኘው ገንዘብ ለሆስፒታሉ አስታማሚዎች የሚዘረጋ ወንበር ይገዛል። ገና ተናግራ ሳትጨርስ፣ ነገር በሆዷ የማያድረው የሚጣ ጓደኛ፣ ሬዲዮ የሚሏት፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ድሪቶ ነው። ድሪቶ ብር የሚያወጣ ከሆነ እኛ ቤት ሚሊየነሮች ነን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም ሳቀችና፣ ድሪቶም ቢሆን ግን ውሸት አይግባበት፣ ከሱቅ የተገዛ ጨርቅ አልቀበልም፣ የቤታችሁ ሰው የለበሰው ወይም የሰፋው መሆን አለበት አለች። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የአልጋ ልብሱን በአራት ማዕዘን ከፋፍላ የእያንዳንዱን ተማሪ ቦታ ስትመድብ፣ መሃል ላይ ያለውን ለሚጣ ሰጠቻት። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ።

ሚጣ ከሁሉም በላይ የምትጠላው ያንን ዝምታ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ የትም ብትሄድ ቀድሟት የሚጠብቃት እሱ ነው። ዝምታውን ለመስበር ብላ፣ ሳታስበው፣ «እናቴ የሰፋችልኝን ቀሚስ አመጣለሁ። ሙሉውን ቁረጡት» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሬዲዮ እንኳ ወደ ደብተሯ አቀረቀረች።

ወንበሮቹ እንዲገዙ ሚጣ የምሯን ትፈልጋለች። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አባቷ ሌሊቱን ሙሉ የሚቀመጠው ባልዲ ገልብጦ ነበር። ጠዋት ወደ ቤት ሲመለስ ወገቡን ይዞ ነው የሚገባው፤ ልብሱን ሳያወልቅ ጋደም ይልና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነገር ግን ቀሚሱን ለመስጠት የተነሳችው ለወንበሩ ብላ ብቻ አልነበረም። ተናዳበት ነበር። ከዓይኗ ዞር እንዲልላት ፈልጋ ነበር።

ቀሚሱን እናቷ የሰፋችላት ላለፈው ዓመት የወላጆች ቀን ነው። አረንጓዴ መደብ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ጨርቁ ደስ የሚል ቀሚስ። ሲለብሱት ግን ጎንና ጎኑ ደርቆ ይቆማል፤ ጫፉ ድንጋይ የተቋጠረበት ይመስል ይከብዳል። ሚጣ መስታወት ፊት ቆማ ልታለቅስ ደረሰች።

«እማዬ፣ ጆንያ እኮ ነው የምመስለው። ልጆቹ ይስቁብኛል።»

«ግድ የለም» አለቻት እናቷ። «ታድጊበታለሽ።»

ሚጣ ይህን ቃል ጠረጴዛ ሥር ሆና ስትሰማ ነው ያደገችው። እጅጌው ጣቱን የዋጠበትን ልጅ እየጎተተች የምታጉረመርም እናት ሁሉ ከዚህ ሱቅ የምትሸኘው «ያድግበታል» ተብላ ነው። ልብስ ሰፊ ልኩን ሲስት የሚያመልጥበት ቃል መሆኑን ሚጣ ታውቃለች። እናቷ ለገዛ ልጇም እንደ ደንበኛ ያንኑ ስትመልስላት አንጀቷ አረረ። በወላጆች ቀን ቀሚሱን ከፍራሽ ሥር ሸሽጋ ያረጀውን ሰማያዊ ለብሳ ሄደች። እናቷ በአክስቷ ክንድ ተደግፋ መጣች። አሮጌውን ቀሚስ አየችው፤ ፈገግ አለችና ተቀመጠች። ስለ ቀሚሱ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ምን ሆነሻል ስትባል «ጉንፋን ቢጤ ነው» ነበር መልሷ። ጉንፋን ያለችው ነገር ብዙም ሳይቆይ ሆስፒታል አስገባት፤ ከዚያም አልተመለሰችም። ሚጣ ስለ ቀሚሱ በራሷ፣ ስለ ጉንፋኑ በእናቷ ትናደዳለች። ሁለቱ ንዴቶች አንድ ላይ ተሰፍተው፣ አንዱን ሳትቀድ ሌላውን መተርተር አቅቷት ነበር የከረመችው።

አሁን ጥርሷን ነክሳ ምላጩን በክሩ መሃል አስገባች። ስፌቱ ሲከፈት፣ ተጣጥፎ የተደበቀ ጨርቅ ከውስጡ መውጣት ጀመረ። መጨረሻው የደረሰ ሲመስላት አሁንም ይወጣል። ሌላውን ጎን ተረተረች፤ እሱም እንደዚያው። በአንዱ ጎን ብቻ የተተወው ትርፍ መዳፏን ዘርግታ ስታስቀምጥበት መዳፏን ይሸፍናል።

«ለልጅ ልብስ ሁለት ጣት አይደል የምትተዉት?» አለች ሚጣ።

«ሁለት ጣት ነው» አለች አክስቷ ቀስ ብላ።

ምላጩን ከሚጣ እጅ ወስዳ የቀሚሱን ጫፍ ገለበጠችው። አንደኛውን እጥፋት ስትፈታው ወደ ታች ወረደ። ከሥሩ ሁለተኛ እጥፋት ነበር፣ ከዚያም ሦስተኛ። እያንዳንዱ ለየብቻው፣ ሌላውን ሳይነኩ እንዲፈታ ተደርጎ በእጅ ተዘምዝሟል። ጎኑን ያደረቀው፣ ጫፉን ያከበደው ይኸው ነበር። አክስቷ ሦስቱንም ፈትታ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው፣ የአንዲት ትልቅ ሴት ልብስ ሆኖ ተገኘ።

«በእጇ የሰፋችው መኪናውን መርገጥ ስላቃታት ነው» አለች አክስቷ። «ያን ቀን ተቆጣኋት። የሁለት ቀሚስ ጨርቅ ለአንድ ቀሚስ፣ እብድ ነሽ እንዴ አልኳት። አንዱን ለከርሞ፣ ሌላውን ከዚያ ለሚቀጥለው፣ በየዓመቱ አንዳንድ እየፈታሽ ጎኑንም እያሰፋሽ ስጫት አለችኝ።»

የሚጣ ጣት የመርፌው ቀዳዳዎች ላይ ቀረ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው።»

«ታውቅ ነበር።»

«እኔን ጉንፋን ነው አለችኝ።»

«እንዳልነግርሽ እኔንም አስምላኛለች። ቀሚሱን ስታመጪው እነግርሻለሁ ብዬ ጠበቅኩ፤ አላመጣሽውም። ከዚያ በኋላ እኔም ፈራሁ፣ ልጄ።»

ሚጣ መጠየቅ የማትፈልገውን ጥያቄ ጠየቀች። ያን ቀን፣ ከወላጆች ቀን ሲመለሱ፣ እናቷ መንገድ ላይ ምን አለች? አክስቷ በመሃረቧ አፏን ያዘች።

«አልዋሽሽም። አለቀሰች። ደግሞ ትንሽ ሄድ ካልን በኋላ ‹በኔ ልክ ሲሆን ትለብሰዋለች› አለች። የመጨረሻውን እጥፋት የለካችው በራሷ ቁመት ነው።»

ሚጣ ቀሚሱ ላይ ተደፋች። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ ሲያያት እንቢ ያላት እንባ አሁን መጣ። ይቅርታ ልትላት ፈለገች፤ የምትለው ሰው ግን የለም። አክስቷ ዝም በይ አላለቻትም። እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ እሷም ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች።

ቆይቶ አክስቷ አፍንጫዋን ጠረገችና በቁርጥራጭ የተሞላውን ማዳበሪያ ከጥግ ጎትታ አመጣች። ከዚህ ያማረሽን ምረጪና ለትምህርት ቤቱ ውሰጂ፣ ይሄን ግን ወደ ቤትሽ፣ አለቻት። «የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም። ሚጣ ማዳበሪያው ውስጥ እጇን ከተተች። ቀዩም፣ ባለ አበባውም የማታውቃቸው ሰዎች ልብስ ትራፊ ነበር። ነገ ጠዋት መምህርቷ ተቀብላ መሃል ላይ ትሰፋዋለች፣ ክፍሉም ያንን ዝምታውን ዝም ይላል፤ ለባዶ ነገር። አባቷ ወገቡን ይዞ ሲገባ ትዝ አላት። እጇን አወጣች።

አክስቷን ጎኑን ለአሁኑ ልኳ እንድታጠብበው ጠየቀቻት። መኪናው ጥቂት ጮኸና ዝም አለ። ሚጣ ቀሚሱን ለብሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። ትከሻው ልክ ነበር፤ አልደረቀም፣ አልከበደም። ጫፉ ግን ተፈትቶ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዷል። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ መቀሱንም አነሳች። በሦስተኛው እጥፋት መስመር፣ ዙሪያውን፣ ሳትቸኩል መቁረጥ ጀመረች።

«እሱ እኮ የሷ ቁመት ነው» አለች አክስቷ።

«አውቃለሁ።»

«እዚያ ስትደርሺስ?»

«ያኔ ራሴ እሰፋለሁ። አንቺ ታሳዪኛለሽ።»

የተቆረጠው ጨርቅ ረዥምና ቀጭን ነበር፤ ለመሃሉ አራት ማዕዘን አይሆንም። ሚጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነገ መምህርቷን በራስጌው በኩል፣ ሰው ሲተኛ እስከ አገጩ ስቦ በሚይዘው ጠርዝ ላይ እንዲሰፋ ትጠይቃታለች። መሃሉን ሬዲዮ ትውሰደው፤ ድሪቶ ሞልቷታል።

ከቀረው ጠርዝ ሁለተኛውን እጥፋት ለከርሞ ብላ መልሳ ወደ ውስጥ አጠፈችው። የመጀመሪያው እጥፋት የነበረበት ቦታ ላይ ግን፣ ከነመርፌ ቀዳዳው፣ አንድ መስመር ቀሚሱን ዙሪያውን ዞሮት ይታያል። አክስቷ ካውያውን ሰክታ ጨርቅ በውሃ ነከረች፤ እርጥብ አድርገን ብንተኩሰው ይጠፋል አለች።

«ተይው» አለች ሚጣ። «ይታይ።»

አክስቷ ካውያውን ነቀለችና መርፌ ላይ አረንጓዴ ክር አስገብታ ሰጠቻት። ሚጣ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጠርዙን መዘምዘም ጀመረች።