የኋላው በር ሽቦ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ጎረቤት «ሰው በሌለበት ቤት ኮቴ ሰማሁ» ሲል ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን የማስታውሰው፣ ሚስቴ ከቅዠት ስትነቃ «ራት አብዝተሽ ነው» ብዬ የምገላበጥ ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ ነው፣ አንድ ነገር ከጮኸ የላላ ነገር አለ፣ ዝም ካለ የተቆረጠ ሽቦ አለ፣ ሦስተኛ ነገር የለም ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ይሄን የምነግርህም በጨለማ የሆነ እንዳይመስልህ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ መጠጥ የሚባል ነገር ቀምሼ አላውቅም፣ እናቴ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

ነገሩ የአባቴ ፔጆ ነው። አባቴ ይማም ከደሴ ኮምቦልቻ፣ አንዳንዴም እስከ ደጋን፣ ሰው እያመላለሰ ያሳደገን ሹፌር ነበር፣ ያቺ ነጭ ፔጆ 404 ደግሞ፣ እመነኝ፣ ከኛ ከልጆቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ የምትታጠብ መኪና ነበረች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የክረምት ቀን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ያለው ግቢያችን አስገብቶ አቆማትና «ሞተሯ ተቃጥሏል» አለ፣ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ቁልፍ አላስገባባትም። የሰው ጭነት መኪና እየነዳ ኖረ። «ለምን አታሠራትም?» ስንለው «ተዋት» ነው መልሱ፣ ልግዛት ብሎ የሚመጣ ሰው ካለም ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይመለሳል።

አምና አባቴ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት። እህቶቼ «መኪናዋ ላንተ ትሁን» አሉኝ፣ እኔም እንደ ቅርስ ሳይሆን እንደ ሸክም ነበር የተቀበልኳት፣ እናቴ ባትጠይቀኝ ኖሮ እዚያው ቆርቆሮ ሥር ዝጋ ትቀር ነበር። እናቴ ዘሃራ ልቧን ታማለች። ሐኪሙ እኔን ለብቻ ጠርቶ «ልባቸው ደክሟል፣ ደስ የሚላቸውን አድርጉላቸው» አለኝ፣ ይህን አነጋገር ደግሞ ትርጉሙን የማያውቅ የለም። ደስ የሚላት ምን እንደሆነ ብጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፣ «ደጋን ወስደህ ከእህቴ አገናኘኝ፣ ግን በሚኒባስ ተጣብቄ አልሄድም፣ በይማም መኪና ውሰደኝ።»

ፔጆዋን በጭነት መኪና አስጭኜ ኮምቦልቻ አወረድኳትና ጋሽ ተስፋዬ ጋራዥ አስገባኋት። ጋሽ ተስፋዬ ጴንጤ ነው፣ ጎበዝ መካኒክ ነው፣ ሞተር ሊፈታ ሲል ኮፈኑ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል፣ እኔም ሁልጊዜ «ጋሼ፣ ካንዴላውን ቢቀይሩት ይሻላል» እያልኩ እቀልድበታለሁ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ።

«ሰይድ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል ያለህ ማነው?»

«አባቴ ነዋ።»

«እንግዲህ አትቀየመኝ፣ አባትህ ዋሽቶሃል። ይሄ ሞተር ምንም አልነካውም። ቆሞ ስለከረመ ነው እንጂ ያን ዕለት ራሱ ሸገር ደርሶ ይመለስ ነበር።»

ተቀየምኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ አባቴ ውሸት የማያውቅ ሰው ነው። እንዲያውም ሄጄ ልከራከረው ስል ነው ሌላውን ነገር ያሳየኝ። የቀኙ የኋላ በር ከውስጥ በወፍራም ሽቦ ከፊት ወንበሩ እግር ጋር ታስሯል፣ አንድ ዙር ሁለት ዙር እንዳይመስልህ፣ ስቆጥረው አሥራ አምስት ዙር፣ ጫፉ በፒንሳ ተጠምዝዞ ተጠምዝዞ አንድ ብረት እስኪመስል ተጣብቋል። መቆለፊያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አየሁት፣ ደህና ነው። ሽቦውን በገዛ ፒንሳዬ ቆረጥኩት፣ ሥራዬ አይደል። የኋላውን ወንበር ስናነሳ ደግሞ አንድ እፍኝ የሚሆን ገብስ አገኘን። ጋሽ ተስፋዬ አንዷን ፍሬ ነክሶ አየኝና «ይሄ እኮ የዘንድሮ ነው» አለ። የኛ ግቢ አይጥ ሳሙና የሚበላ አይጥ ነው፣ ሃያ ስምንት ዓመት ገብስ ላይ ተኝቶ የሚጾም አይደለም፣ ግን ያኔ ይሄን አላሰብኩም፣ ጠርጌ ጣልኩት።

መኪናዋ በወር ከምናምን አለቀች፣ አዲስ ቀለም፣ አዲስ ልባስ፣ ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ይነሳል። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፣ የቀኝ የኋላዋ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ጋሽ ተስፋዬ ሞላውን ቀየረ፣ ያው ነው፣ የግራውን ወደ ቀኝ አዛወረ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ራቅ ብሎ ቆሞ አያትና «ሰው የተቀመጠባት ትመስላለች» ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ያን ቀን ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ጣሪያዋ ላይ እጁን ጭኖ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ጸለየ። እኔም አልቀለድኩም። ብቻዬን ወደ ደሴ ስወጣ በየመታጠፊያው ከኋላ አንድ ነገር ሸርተት ሲል ይሰማኛል፣ ጆንያ ወንበር ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ፣ እሱን ነው፣ አዲስ ልባስ ነው አልኩና ተውኩት።

ቅዳሜ ዕለት፣ ደጋን አድረን እሑድ ልንመለስ፣ አሥር ሰዓት ሲሆን እናቴን ከቤት አወጣኋት። መኪናዋን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እጇን በመስኮቱ፣ በኮፈኑ ላይ እያሳለፈች ዞረቻት፣ የኋላው በር ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ሽቦውስ?»

«ቆረጥኩት እማ፣ መቆለፊያው ደህና ነው።»

«ያረቢ» አለችና ከፊት ገባች። አባቴን አስታውሳ ነው ብዬ ሞተሩን አስነሳሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ መንገዱን አይተኸው ከሆነ ጉሙ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃለህ፣ አሁን ሜዳው ገደሉ ሁሉ ይታይሃል፣ አንድ መታጠፊያ ስትዞር የራስህ ኮፈን ይጠፋብሃል። እንዲያ ሆነብን። መብራት አበራሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምኩ፣ ከኋላዬ አንድ ጭነት መኪና ተለጥፎ ክላክሱን ያስጮህብኛል፣ ቁልቁለት ነው፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው። በዚህ መሐል ከኋላዬ፣ ከቀኝ በኩል፣ ሰው እንዳያስቸግር የሚሰጋ የሽማግሌ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣

«ወራጅ አለ» አለ።

እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። ሹፌር ቤት ያደገ ሰው ይሄን ቃል ሲሰማ ጭንቅላቱ ሳይሆን አፉ ነው የሚመልሰው፣ ማነው የሚወርደው፣ ማን ተሳፍሮ ብዬ ሳላስብ፣ ዓይኔ ጉሙ ላይ እንደተተከለ፣ «ፊት ላይ!» አልኩ፣ ትንሽ አልፌ አወርዳለሁ እንደማለት።

እናቴ ማርሹ ላይ ያለውን እጄን ጨምድዳ ያዘችው። «አትበል! አባትህም ይህንኑ ነው ያለው! አቁምለት ሰይዶ፣ ለአላህ ብለህ አቁምለት!»

ዳር ይዤ አቆምኩ። ጭነት መኪናው እየተሳደበ አለፈን። በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየሁ፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ወላሂ ባዶ ነው፣ የእናቴ ፌስታል ብቻ ነው ያለው። ከዚያ የበሩ እጀታ ቀጭ አለ፣ በሩ ተከፈተ፣ ብርዱ አንገቴ ላይ መጣ፣ የመኪናዋ የቀኝ የኋላ እንደ ትንፋሽ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ፣ ከተቀመጥኩበት ተሰማኝ። በሩም ተዘጋ። አልተላተመም፣ የሰው ንብረት እንዳይሰብር የሚፈራ ገጠሬ እንደሚዘጋው አድርጎ ነው የተዘጋው።

እናቴ መስኮቷን አውርዳ ወደ ጉሙ «አውፍ በሉን አባባ፣ ይቅር በሉን» ትላለች።

ወርጄ አየሁ። ምንም የለም፣ ከአስፋልቱ ዳር ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ነው ያለው። ጎንበስ ብዬ መኪናዋን አየሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆማለች። እኔ ሰውዬው፣ ለሁሉ ነገር የላላ ብሎን የምፈልገው ሰውዬ፣ ጎማዋን ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ እናቴ ነገረችኝ። መኪናዋን ከማቆሙ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ አባቴ አንድ ሽማግሌ ብቻ ጭኖ ሲወርድ፣ ከደሴ ገበያ አንድ ጆንያ የዘር ገብስ ገዝተው የሚመለሱ የደሴ ዙሪያ ገበሬ፣ እዚህች መታጠፊያ ላይ «ወራጅ አለ» ይሉታል። ጉም ነው፣ ከኋላው ከባድ መኪና አለ፣ «ፊት ላይ» ይላቸዋል። ደግመው ይሉታል፣ ደግሞ «ፊት ላይ» ይላቸዋል። ሦስት መታጠፊያ አልፎ ሲያቆም የኋላው በር ተከፍቶ ይወዛወዛል፣ ሽማግሌውም የሉ፣ ጆንያውም የለ። ከመንደራቸው ሰው ጋር ሆኖ ገደሉን ሳምንት ፈለጉ፣ አንዲት ጫማ እንኳ አልተገኘችም። «ከዚያ በኋላ ባዶዋን ይዟት ሲሄድ ይሰማው ጀመር» አለችኝ እናቴ። «በሩን ያሰረው ያኔ ነው። ሲያስረው ደግሞ ባሰበት፣ ይለምኑኛል አለኝ፣ ከዚያ ነው ግቢ አስገብቶ ያቆማት።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«ብነግርህ አትስቅም ነበር?»

እውነቷን ነው፣ እስቅ ነበር።

ደጋን ደረስን፣ እህትማማቾቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ እስከ እኩለ ሌሊት የድሮ ሰው ሲያነሱ ሲጥሉ አመሹ፣ እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት አልፈው ነበር፣ እኔም የአባቴን ዕዳ አወረድኩለት ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያልቅ እኮ ላንተ አላወራህም ነበር።

እሑድ ስንመለስ እናቴ ከፊት አልገባችም። የቀኙን የኋላ በር ራሷ ከፈተች። «እግሬን ልዘርጋ» አለችኝ። ገባች፣ ተቀመጠች፣ መኪናዋም በዚያ በኩል ዝቅ አለች፣ ልክ እንደ በፊቱ። እናቴ እኮ ቆዳና አጥንት ነች፣ አንድ ሕፃን አታክልም። መታጠፊያዋ ጋ ስንደርስ በመስኮት ወደ እግር መንገዱ እያየች «ለካ አጭር መንገድ ናት» አለች፣ ለኔ አልነበረም የምትለው።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ መግሪብ ተሰግዶ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ፣ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ የታመመ ሰው በማይመስል የጠራ ድምፅ «ወራጅ አለ» አለችኝ። ምን እንድል ትፈልጋለህ? እናቴ ነች። «ፊት ላይ፣ እማ» አልኳት፣ እስትንፋሷ ተስተካከለ። በማግስቱም ጠየቀችኝ፣ በማግስቱም «ፊት ላይ» አልኳት። እህቴ «ምን የሚሉት ቀልድ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ፣ ቀልድ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ግቢ ወጥቼ መኪናዋን አየሁ፣ እናቴ ቤት ውስጥ ተኝታ እያለ የቀኝ የኋላዋ ዝቅ እንዳለ ነው። ፋብሪካ ሄጄ ወፍራም ሽቦ አመጣሁና እንዳትወርድብኝ በሩን አሰርኩት፣ ስጨርስ ሳላስበው ቆጠርኩት፣ አሥራ አምስት ዙር። እናቴ ታሪኩን ስትነግረኝ አባቴን ፈሪ ነበር ብዬ በውስጤ ፈርጄበት ነበር፣ ያን ጊዜ ነው በልቤ አውፍ በለኝ ያልኩት።

ትናንት ደግሞ ዓይኗን ገልጣ ነበር። በደንብ አየችኝ፣ በስሜ ጠራችኝ፣ ቁጣ የለባትም፣ ሰው ያስቸገረች ያህል አፍራ ነው የምትናገረው።

«ሰይዶ፣ ልጄ፣ አሳለፍከኝ እኮ።»

«ፊት ላይ፣ እማ» አልኳት፣ እጇን ይዤ።