አባ ደመናን ያቆመ እጅ

ወንድወሰን የሞተው ዓለም ሲፈጥር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጅማ ውስጥ ጅሬን ዳገት ላይ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ የገዛ ጠረጴዛው የብረት ጥግ ጭንቅላቱን መትቶት ወድቆ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ አራት ኮረብታና አንድ ወንዝ ያለበት ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል። ከጓደኞቹ ጋር በሚጫወተው በዚህ ጨዋታ ኮረብታዎቹን የሚገዙት ከእንጨት የተቀረጹ አራት የማይሞቱ ምትሃተኞች ናቸው፤ በዚያች አንዲት ወንዝ ምክንያት አራት መቶ ዓመት ሙሉ ሲፋጁ ኖረዋል። እነሱን የፈጠረው የኮሌጅ መምህር ግን በሠላሳ አራት ዓመቱ ሞተ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ደምመላሽ ካርታውን ጎንበስ ብለው ያዩ ነበር። ሠላሳ ዓመት በወንጀል ምርመራ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ስንት ሬሳ ፊት ቆመዋል። ዛሬ ግን በግድያው ተጠርጥራ የታሰረችው ናርዲ ናት። የሞተች እህታቸው ልጅ፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት፣ በዚህ ምድር ላይ የቀረቻቸው አንዲት ሰው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

«እዚህ ማስገባቴ ራሱ ያስቀጣኛል» አለች ኢንስፔክተር አያንቱ በሩን ደገፍ ብላ። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «ማሎ፣ እባክዎ ጋሽ ደምመላሽ፣ አንድ ነገር ቃል ይግቡልኝ። ያገኙትን ሁሉ ይነግሩኛል። ናርዲን የሚያስፈርድባት ቢሆንም።»

ሌሊቱን ሙሉ ደምመላሽን ያባነናቸው ይኸው ጥያቄ ነበር።

«ቢሆንም» አሉ በመጨረሻ። «በይ ያለውን ንገሪኝ።»

«አከራይዋ እትዬ አበራሽ ናርዲ ዘጠኝ ተኩል ላይ እያለቀሰች ስትወጣ አይተዋታል። ከእሷ በኋላ ማንም አልገባም ይላሉ። ከሟቹ ጭንቅላት ሥር የተገኘው ሻርፕ የናርዲ ነው። እሷን ስንጠይቃት ደግሞ ዝም።»

«ለእኔም ዝም ብላኛለች።»

ጠዋት ጣቢያ ቁርስ ይዘውላት ሄደው ነበር። ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀብላ ሳትበላው አቅፋው ተቀመጠች። ንጹሕ ጣቶቿን፣ አጭር ተደርገው የተቆረጡ ነጫጭ ጥፍሮቿን እያዩ «ልጄ፣ አንድ ቃል ብቻ» ብለው ለመኗት። «አባባ፣ ተወው» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልወጣትም።

«ሻርፑ እንዴት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

«በአራት ታጥፎ።»

«ሰው ገድሎ የሚሸሽ፣ ለሟቹ ትራስ ያጥፋል?»

መልስ ሳይጠብቁ ዓይናቸውን ካርታው ላይ ተከሉ። ግማሹ ካርታ በሐምራዊ ቀለም ተነክሯል፤ ዳር ላይ ትንሽ ጠርሙስ ተጋድማለች።

«ለቁስል የሚቀባው ሐምራዊ መድኃኒት ነው» አለች አያንቱ። «ወንድወሰን ወንዙን የሚያሰምረው በእሱ ነበር። ሲወድቅ ጠረጴዛውን ነቅንቆት ተደፍቷል።»

«ቆዳ ላይ ምን ያህል ይቆያል?»

«እኔ ልጅ ሆኜ ነክቶኝ ሳምንት ሙሉ ሳሙና አላስለቀቀውም።»

ደምመላሽ ጓንት አጥልቀው አውራ ጣት የሚያካክሉትን የእንጨት ምትሃተኞች አንድ በአንድ አነሱ። ሦስቱ ከቆሙበት ሲነሱ ከሥራቸው ቀለም ያልነካው ነጭ ክብ ወጣ። አራተኛው፣ የምሥራቁ ኮረብታ ጌታ፣ ሲነሳ ግን ከሥሩ ነጭ የለም። ኮረብታው እንዳለ ሐምራዊ ነው። የምትሃተኛው መቆሚያና አንድ ጎኑ እስከ ትከሻው ቀለም ጠጥቷል፤ አንገቱ ላይ የጣት አሻራ የመሰለ ቦታ ደብዝዟል። ከኮረብታው ግርጌ ደግሞ ቁመቱን የሚያክል ረዘም ያለ ነጭ ምልክት ቀርቷል። ደምመላሽ ምንም ሳይናገሩ መለሱት። ያዩትን ወዲያው ያለመዘርገፍ የድሮ ልማዳቸው ነው፤ አያንቱን በወጣትነቷ ስንቴ አናድዷት ነበር።

ምትሃተኞቹን የቀረጻቸው የወንድወሰን ጓደኛ ለሚ ነበር። የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ተጠርቶ ሲመጣ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ይሄን ዓለም ስጠኝና እኔ ልምራው ብዬ ለምኜው እምቢ ብሎኛል። ተጣልተናል። ግን ቅዳሜ አሰንዳቦ ከተማ ማሽን ተበላሽቶ እስኪመሽ እዚያ ነበርኩ። ሃያ ሰው ይመሰክራል።»

«አጣርተናል፣ እውነቱን ነው» አለች አያንቱ።

«የእንጨቶቹን ሥር ቀብተኸዋል?»

«ኧረ! የቡና ግንድ ነው፤ እንጨቱ እንዲታይ ባዶውን ነው የተውኩት።»

«ደንባችሁ ምንድን ነው?»

«አንድ ነው። እኔ፣ ናርዲ፣ ፊርዶስና ወንድወሰን አንዳንድ ምትሃተኛ አለን፤ የሌላውን ማንም አይነካም። ማጋደም የሚችለው ፈጣሪው ወንድወሰን ብቻ ነው። የተጋደመ ሞተ ማለት ነው። በስድስት ዓመት አንድም አልተጋደመም፤ የማይሞቱ ናቸዋ!»

«የምሥራቁ የማን ነው?»

የለሚ ፊት ተለወጠ።

«አባ ደመና? የቲጃኒ ነበር፣ የፊርዶስ ወንድም። ይሄን ዓለም ከወንድወሰን ጋር የጀመረው እሱ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በእሱ ቦታ ፊርዶስ ተቀመጠች። አባ ደመና እስካለ ድረስ ቲጃኒም አለ ትላለች። ምን እንበላት? እሺ ብለን ኖርን።»

እትዬ አበራሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ደምመላሽ ሲገቡ አጥሩ ላይ የተለጠፈ የዕድር ማስታወቂያ አንብበው ነበርና ነገር አላበዙም።

«እትዬ አበራሽ፣ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ዕድር ነበር አይደል?»

«ነበር… አዎ።»

«የዕድሩ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«እስከ አሥራ አንድ ተኩል እዚያው ነበርኩ። የግቢውን በር ሳልቆልፈው ነው የሄድኩት። በሬን ከፍቼ ትቼ ልጁን አስገደልኩት ከምባል ብዬ ነው… ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ያቺ ልጅ በእኔ አፍ መታሰሯን ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ደምመላሽ ሊቆጧቸው ፈልገው ነበር፤ ግን ሰዓት አልነበራቸውም። አራት ሰዓት አልፏል።

የፊርዶስ ቤት ሁለት መንገድ ቁልቁል ነው። በሩን የከፈቱት እናቷ ወይዘሮ ሩፈይዳ ናቸው። የመጣውን ሰው ፊት ሳያዩ እጁን ነበር ያዩት፣ ወረቀት ይዞ እንደሆነ።

«ከቲጃኒ ወሬ ይዘው ነው?»

«የለም እህቴ፣ ለፊርዶስ ነው የመጣሁት።»

«አልሀምዱሊላህ። ክፉ ወሬ ከሌለ ይሻላል። ይግቡ።»

ፊርዶስ ውሃ በብርጭቆ አቀረበችላቸው። ዓይኖቿ አብጠዋል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ብርጭቆውን የያዙት ጣቶቿ ግን በአዲስ ሂና እስከ መሀላቸው ጠቁረዋል።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ ልጄ?»

«እዚሁ። ወላሂ አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

«ሂናው ደስ ይላል። ሰርግ አለ እንዴ?»

«አዎ… ሰኮሩ ከተማ። የአክስቴ ልጅ ታገባለች።»

«የትኛዋ?» አሉ እናቷ ከጓዳ። «ማን ሊያገባ ነው፣ አንቺ ፊርዶስ? እኔ ሳልሰማ?»

ፊርዶስ ብርጭቆውን አስጨብጣቸው እጇን ደበቀች። ደምመላሽ ውሃውን ጠጥተው አመስግነው ወጡ። መንገድ ላይ ሲደርሱ አጥር ተደግፈው ቆሙ። ልጃቸው ልትድን ነው፤ ደስታው ግን አልመጣላቸውም።

ወደ ጣቢያ ተመልሰው የወንድወሰንን ደብተር ጠየቁ። ሦስት መቶ ገጽ ይሆናል።

«የጠንቋይ ጦርነት ብቻ ነው» አለች አያንቱ። «አሥር ገጽ አንብበን ተውነው።»

ደምመላሽ ከመጨረሻው ገጽ ጀመሩ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ደብተሩን ለአያንቱ አሳዩአት፤ እሷም አንብባ በወንድወሰን ስልክ ላይ ካለ አንድ የውጭ ቁጥር ጋር ስድስት ደቂቃ አወራች። ስትዘጋ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ጠረጴዛው ጋ ሰብስቢልኝ» አሉ ደምመላሽ። «ከፊርዶስ ሰፈር ደግሞ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎረቤት ይምጡ። ውጭ ይጠብቁ።»

«ቶሌ፣ እሺ» አለች አያንቱ።

በሰባት ሰዓት ለሚ፣ አበራሽና ፊርዶስ ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ። ናርዲ በካቴና ገባች። አጎቷን አየቻቸውና ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«ቅዳሜ የሆነውን እንዳየሁት እናገራለሁ» አሉ ደምመላሽ። «መድኃኒቱ የተደፋው ወንድወሰን ሲወድቅ ነው። ሦስቱ ምትሃተኞች ሥራቸው ነጭ ነው፤ ሲደፋ ቆመው ነበር። አባ ደመና ግን ተጋድሞ ነበር። የተጋደመበት ቦታ ይኸው፣ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ለሚ ሥሩን አልቀባሁትም ይላል፤ አሁን ሐምራዊ ነው። እንግዲህ ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ሰው አንስቶ አቁሞታል።»

«ወንድወሰን አባ ደመናን አጋደመው?» ለሚ ጮኸ። «ገደለው?»

«አጋደመው። ያቆመው ሰው ጣቱ በቀለም ተነክሯል፤ ይሄ ደግሞ በሦስት ቀን አይለቅም። የናርዲ እጅ ንጹሕ ነው። ለሚ አሰንዳቦ ነበር። እትዬ አበራሽ ዕድር ሲሄዱ በሩ ክፍት ነበር፤ ሰው ገብቷል። ማንም የሌላውን ምትሃተኛ አይነካም። አባ ደመናን ለማቆም እጁን የሚዘረጋ ሰው አንድ ነው።» ድምፃቸው ወረደ። «ጓደኛዋ በተቀበረ ማግስት፣ ሰርግ ሳይኖር፣ ጣቷን ሂና የምትሞቅ ሴት ደግሞ ጅማ ውስጥ የለችም፤ የምትሸፍነው ነገር ከሌላት በቀር።»

«አባባ ተው!» ናርዲ ካቴናውን እየጎተተች ጮኸች። «እኔ ነኝ የደወልኩላት! አባ ደመና ተጋድሞ አይቼ፣ አቁመው ብዬ ወንድወሰንን ለምኜው እምቢ ሲለኝ፣ ሮጠሽ ነይ ያልኳት እኔ ነኝ! ያቺ እናት አንድ ልጅ ነው የቀራት፣ አንድ!»

«ለእኔስ ስንት ቀረኝ?» አሉ ደምመላሽ። ሊሉት አልፈለጉም ነበር፤ አመለጣቸው።

ፊርዶስ እጆቿን ደብቃ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ አወጣቻቸው።

«አንዴ ነው የገፋሁት» አለች። «አንዴ፣ ወላሂ። "አቁመው" አልኩት። "ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለ" አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። ደጋግሞ "ተቀመጪ" ሲለኝ ገፋሁት። ሲወድቅ ራሱን የሳተ ብቻ መሰለኝ፤ ናርዲ ረስታው የሄደችውን ሻርፕ አጥፌ ከራሱ ሥር አደረግኩለት። ሲነቃ እንዲያየው ብዬ አባ ደመናን አቆምኩት። አልነቃም… ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ጣቢያ ለመምጣት በር ላይ እደርሳለሁ። እማዬ የት ልትሄጂ ነው ትለኛለች፤ እመለሳለሁ። ናርዲ፣ ይቅር በይኝ።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። «ግን ምን አደረግኩት? ስድስት ዓመት የማይሞት ብሎ ኖሮ፣ ወንድሜን ለምን ገደለብኝ?»

ደምመላሽ ወንበር ስበው አቀረቡላት።

«ተቀመጪ ልጄ።»

ቃሉን ስትሰማ ደነገጠች። ሽማግሌውና ጎረቤቷ በበሩ ሲገቡ አየች። ያኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው» አሉ ደምመላሽ። «ወንድወሰን ይሄን ያውቃል። ለእናትሽ እንዲያ ሊያደርግ ነበር። ላንቺ ግን አፍ አጣ።» ደብተሩን ከፍተው አነበቡ፦ «አርብ። አብሮት የተጓዘው ልጅ ደወለ። ቲጃኒን በእጁ እንደቀበረው ነገረኝ። ለእናቷ እሁድ ማለዳ ሽማግሌ እልካለሁ። ለፊርዶስ ግን በምን አፌ? ነገ አባ ደመናን አጋድመዋለሁ። ጠረጴዛው ይጀምርልኝ፣ የቀረውን እኔ እነግራታለሁ።»

አያንቱ ራሷን ነቀነቀች። «ልጁን አነጋግሬዋለሁ። እውነት ነው።»

ፊርዶስ አልጮኸችም። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች በሹክሹክታ። ከዚያም «ሊነግረኝ ነበር» አለች። «ተቀመጪ ሲለኝ ሊነግረኝ ነበር» እያለች ደጋገመችው። በጠቆረው ጣቷ አባ ደመናን አንገቱን ይዛ በነጩ ምልክት ላይ አጋደመችው። ልክ ገባ።

አያንቱ የናርዲን ካቴና ፈታች። ደምመላሽ እጃቸውን ዘረጉ። ናርዲ አልፋቸው ሄዳ ፊርዶስ እግር ሥር ተቀመጠችና ጉልበቷን አቀፈች። እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ ቆይተው ኪሳቸው ከተቱት።

«ለእማዬ ማን ይነግራታል?» አለች ፊርዶስ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አንዱን መርዶ ይዘው መጥተው ሁለት ሆኖባቸዋል። ሁለተኛውን፣ የፊርዶስን መታሰር፣ ያመጡት ደምመላሽ ናቸው፤ እሳቸውም ያውቁታል።

ደምመላሽ፣ ሽማግሌውና ጎረቤቷ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። በሩን ደምመላሽ አንኳኩ። ወይዘሮ ሩፈይዳ ከፈቱና ጠዋት የመጡትን ሰው አወቁ። ደብተሩን በእጃቸው አዩ።

«ከቲጃኒ ወሬ ይዘው ነው?»

«አዎ እህቴ» አሉ ደምመላሽ። «ይግቡና እንቀመጥ።»