የጓንት ፊኛ

«እማ፣ ውሸታሟ መጣች!»

ልጅቷ ይህን ያለችው በሹክሹክታ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት እናቶች በሙሉ ዞረው አዩ። ቁንጫ አዲሱን ነጭ ገዋኗን እንደለበሰች የመርፌ ክፍሉ በር ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ቁንጫ» ብሎ ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል። ከሙያ ማሰልጠኛው ወደዚህ የሕፃናት ክሊኒክ ለልምምድ የተላከችው በዚህ ሳምንት ነው፤ የሐኪም ረዳት ለመሆን። ሥራዋ ልጆችን መመዘን፣ ሙቀታቸውን መለካት፣ ሲታከሙ መያዝ ነው። በሁለተኛ ቀኗ «ውሸታም» የሚል ማዕረግ አገኛለሁ ብላ ግን አላሰበችም።

ደግሞም ዋሽታለች። ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጫማዋን ግራና ቀኝ ገልብጣ ነው የምታደርገው። ሳንባዋን ስላመማት በየቀኑ እየመጣች መርፌ ትወጋለች። ትናንት፣ ገና ልጅቷ ሳትገባ፣ መርፌ የሚወጉት ሲስተር ቁንጫን ወደ ጥግ ጠርተው የክሊኒኩን ዘዴ አስረድተዋት ነበር።

«እኛን ልጆቹ ያውቁናል፤ ገና ሲያዩን ጩኸት ነው። አንቺ አዲስ ፊት ነሽ። ጓንት ንፊና ፊኛ አድርጊላት፣ አያምሽም በያት፣ አጫውቻት። እኔ ከኋላ እመጣለሁ። ፊትሽ እስኪለመድ ድረስ ሥራሽ ይኸው ነው።»

ቁንጫ ጓንቱን ነፋች፤ በእስክሪብቶ ዓይንና አፍ ሣለችለት። ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። «አያምም አይደል?» ስትላት ቁንጫ «በጭራሽ!» ብላ መለሰች። ከዚያ ሲስተር ከኋላ መጡ። ልጅቷ ስትወጋ ዞራ መርፌውን አላየችም፤ ዓይኗን የተከለችው ቁንጫ ፊት ላይ ነበር። ቁንጫ ያን አስተያየት ቤት ድረስ ይዛው ሄደች።

ዛሬ ደግሞ ልጅቷን ለመያዝ እናትየዋና ቁንጫ መረባረብ ነበረባቸው። አንድ ጫማ ግድግዳው ላይ ተወርውሮ ነጠረ። ሁሉም ነገር ሲያበቃ ቁንጫ ላብ በላብ ሆና ነበር።

«ሲስተር፣ ነገ እውነቱን ብነግራትስ?»

ሲስተር ጓንታቸውን እያወለቁ ሳቁ። «ምን ብለሽ? ያምሻል ብለሽ?»

«አዎ። ያማላ!»

«የኔ እመቤት፣ ኮሪደሩን አይተሽዋል? አንዷ ከጮኸች ሁሉም ይከተላሉ። የተንፈራገጠ ልጅ ደግሞ መርፌ ያጣምምብኛል። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም። እዚህ ቤት አያምም ነው የሚባለው። አልልም ካልሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።»

ቁንጫ ቀጣዩን ልጅ ልትመዝን ወጣች።

ቤት ስትገባ ወንድሟ በሩን ከፍቶ እየጠበቃት ነበር። «ረዳት! ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ማሰልጠኛ ከገባች ጀምሮ ይህቺው ናት ቀልዱ፤ አትሰለቸውም።

አባቷ ከልብስ ስፌት መኪናው ቀና አለ። «ሐኪም መሆን የምትችል ልጅ፣ ያንን ሁሉ ውጤት ይዛ ረዳት ልሁን አለች። እስቲ እናያለን። ካባረሩሽ ግን እኔ ያልኩሽን ትማሪያለሽ። ተስማምተናል አይደል?»

«ተስማምተናል፣ አባዬ። ግን ሐኪሙ ብቅ ብሎ አይቶ ይሄዳል። ልጁን የሚይዘው ረዳቱ ነው። እኔ መያዝ ነው የምፈልገው።»

«አፍስ አላነሰሽም» አለና መኪናውን ረገጠ።

ቁንጫ ተናደደች። በአባቷም፣ በወንድሟም፣ በሲስተርም ተናደደች። ከሁሉም በላይ ግን «በጭራሽ!» ባለችው በራሷ አፍ ተናደደች። ብትባረር አባቷ ትክክል ሊሆን ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ ያቺ «ውሸታም» ያለቻት ሕፃን ትክክል ልትሆን ነው።

በማግስቱ ልጅቷ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጉጣ ገባች። ቁንጫ ጓንት አላነሳችም። መሬት ላይ ተንበረከከችና «ዋሽቼሻለሁ» አለቻት። «መርፌው ያማል።»

«እንዴ! ምን ነካሽ አንቺ?» አለች እናትየዋ። «ጭራሽ ታስፈራሪያታለሽ?»

ከቀሚሱ ሥር አንድ ዓይን ብቅ አለ። ከዚያ አንድ እግር ወጣ፤ ጉልበቱ ላይ ያልዳነ ቁስል አለ። «ከዚህ ይበልጣል?»

ቁንጫ ጎንበስ ብላ ቁስሉን በደንብ አየችው። «ያን ያህል ነው። ግን ቶሎ ያልቃል።»

«ልጩህ?»

«የፈለግሽውን ያህል ጩኺ። እየቆጠርሽ ጩኺ። እግርሽን ብቻ አታንቀሳቅሺው።»

«አንቺ!» አሉ ሲስተር ከኋላ። መርፌውን በፎጣ ሸፍነው ይዘዋል። «ትናንት ምን ብዬሽ ነበር?»

ቁንጫ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። «ሰምቻለሁ፣ ሲስተር። እባክዎ በፊት ለፊት ይምጡ። ትይዎት።»

ሲስተር አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ልጅቷ ራሷ አልጋው ላይ ወጥታ በሆዷ ተኛች፤ የቁንጫን ሁለት ጣቶችም ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ሲስተር መርፌውን እያዩ፣ ልጅቷን እያዩ፣ በፊት ለፊት መጡ።

«አንድ! ሁለት! ሰባት!»

ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሳው ምንም አልቀረውም። ኮሪደሩ ላይ አንዱ ሕፃን ተቀበለ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ነገር ግን የልጅቷ እግር ንቅንቅ አላለም።

«ይኸው!» አሉ ሲስተር ወደ ኮሪደሩ እየጠቆሙ። «ደስ አለሽ? ነገ መምጣት አለመምጣትሽን እኛ እንነጋገርበታለን።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወረደች። «ፊኛውስ?»

ቁንጫ ያኔ ጓንት አነሳችና ነፋችላት። እየተጣደፈች ዓይኖቹን አጣማ ሣለቻቸው፤ ልጅቷ ግን አልከፋትም። በተገለበጠ ጫማዋ እየተንጎማለለች በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ነገ አንቺ ነሽ?»

ሲስተር ጥጡን ወደ ቅርጫቱ ሊጥሉ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቆመ። ቁንጫ ቀጥ ብላ አየቻቸው።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከዚያም በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ቀጣዩን ልጅ ጠራች።