ሦስተኛው ቀዳዳ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

እሑድ ነበር፣ ግንቦት ውስጥ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ።

ቦታው የኦሪገን ባሕር ዳርቻ ነው። ውሃው ከሌላው ቀን ሁሉ በላይ ወደ ኋላ የሸሸበት ጠዋት... ጭጋጉ ደግሞ የራስን እግር ለማየት የሚያስቸግር።

ኦሪን በሉኝ። ጋራዤ ውስጥ የብረት መፈለጊያ ማሽን እጠግናለሁ፣ አሻሽላለሁ። ባትሪ እቀይራለሁ፣ መሬት የሚያዳምጠውን ክብ ሳህን በተሻለ እተካለሁ። ዋናው ሥራዬ ግን ሳህኑን ከእጅ መያዣው የሚያገናኘው ዘንግ ነው። ፋብሪካው የሚሰጣችሁ ዘንግ ይከብዳል፤ ሁለት ሰዓት ካወዛወዛችሁት ትከሻ ይገድላል። የእኔ ከካርቦን ፋይበር ነው። ጥቁር፣ ውስጡ ክፍት፣ በሁለት ጣት የሚነሳ።

ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ነው የምሠራው። ደንበኛው ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከመሬት እስከ መዳፉ እለካለሁ። ከዚያ ዘንጉ ላይ ማስረዘሚያና ማሳጠሪያ የሚሆን ዘጠኝ ቀዳዳ እበሳለሁ። በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ጣት ያህል አለ።

እኔ ረጅም ነኝ። ልኬ ሰባተኛው ቀዳዳ ነው።

የዴልበርት ሦስተኛው ነበር።

ዴልበርትን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። አጭር፣ ወሬኛ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ዓይነት ሰው። ሚስቱ ሜርና የጋብቻ ቀለበቷን እዚያ ባሕር ዳርቻ ጣለች፤ በዚያው ክረምት ደግሞ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ውሃው በሸሸ ቁጥር ዴልበርት እዚያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አሸዋውን ሲያስስ ኖረ።

በእኛ ብረት ፈላጊዎች ዘንድ አንድ ሕግ አለ። ስም የተቀረጸበት ቀለበት ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ይመልሳል። በዚህ ቀልድ የለም።

ቀለበቷን ያገኘኋት እኔ ነኝ።

መጋቢት ላይ ነው። ውስጧን ሳጥባት «ሜርና» ይላል። ልሰጠው ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ክለባችን ቁርስ ላይ ተሰብስቦ ሳለ ዴልበርት አፉን ከፈተ።

«የኦሪን ዘንግ ግሩም ነው» አለ፣ ዳቦውን መረቁ ውስጥ እየነከረ። «ሾርባ ለማማሰል።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ።

«ባለፈው አንዲት ሞገድ መታችውና ቀጭ አለ። እንደ ጥሬ ፓስታ።»

«ስለምትደገፍበት ነው። ምርኩዝ አይደለም እኮ» አልኩት።

«ምርኩዝማ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አፍንጫ የለኝም።»

እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? በዚያ ሳምንት ሁለት ደንበኞች ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ደሜ ፈላ።

ነገሩን በሆዴ ይዤ አዲስ ዘንግ በነጻ ሠራሁለት። ካሳ ነው አልኩት። እቅፍ አድርጎ አመሰገነኝ።

ቀለበቷን ዘንጉ ውስጥ ነበር የከተትኳት።

ታችኛው ጫፍ አጠገብ ትንሽ ክፍል አበጀሁላትና ሁለቱንም ወገን በማጣበቂያ ደፈንኩት። ዘንጉ ጋደም ሲል ቀለበቷ ወደ ላይ ርቃ ትቀመጣለች፤ ማሽኑ አይሰማትም። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ወደ ሳህኑ ትንሸራተታለች። ያኔ ማሽኑ የወርቅ ድምፅ ያሰማል።

የዚህ ሥራ ሰው ዘንጉን ቀጥ የሚያደርገው መቼ ነው? ጉድጓድ ቆፍሮ ያገኘውን ካወጣ በኋላ፣ ሌላ የቀረ እንዳለ ለማየት ሳህኑን ወደ ጉድጓዱ ሲያወርድ ነው። ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን። ማንም ሳይፈትሽ ጉድጓድ አይደፍንም።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሁለት ሳምንት የሌለ ወርቅ ሲቆፍር ይክረም። ከዚያ በሁሉም ፊት ዘንጉን በመጋዝ ቆርጬ «በእጅህ ይዘሃት ስትዞር ነበር» ልለው ነበር። የሚስቱንም ቀለበት ያገኛል፣ እኔም እስቃለሁ። እስቲ ያኔ ስለ ፓስታ ያውራ።

ወደዚያ እሑድ ልመልሳችሁ።

ከአሸዋው ክምር ጀርባ ተቀምጬ በሩቅ ማሳያ መነጽር እያየሁት ነበር። ጭጋጉ አልፎ አልፎ ይገለጣል። ዴልበርት አንድ ሳንቲም አወጣ። ሳህኑን ወደ ጉድጓዱ አወረደ።

ድምፁ ሲሰማው ባለበት ደርቆ ቀረ።

ከዚያ መቆፈር ጀመረ። ቆፈረ፣ ፈተሸ። ቆፈረ፣ ፈተሸ። እስከ ጉልበቱ ገባ... እስከ ወገቡ... እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ደረቱ ድረስ ሲገባ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ኦሪን» አለ በሹክሹክታ። «ስማ... ስማልኝ።»

ማዳመጫውን ሰጠኝ። ያቺ ድምፅ። ጥርት ያለች።

«ወርቅ ነው» አልኩ።

«እሷ ናት?»

የጉድጓዱን ግድግዳ አየሁት። እርጥብ አሸዋ ነው፤ ከሥሩ ውሃ ማዠት ጀምሯል። እንዲህ ያለ ግድግዳ እንደማይታመን ማንኛችንም እናውቃለን። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

«ማን ያውቃል» አልኩት። «ትንሽ ዝቅ በል።»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ቁርስ ልበላ ሄድኩ። እንቁላል በቤከን አዘዝኩ። አስተናጋጇ «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብላ ፈገግ አሰኘችኝ።

ስመለስ አርባ ደቂቃ አልፏል።

ጉድጓዱ የለም።

አሸዋው ለጥ ብሏል። ደፍኖት ሄዷል ብዬ አሰብኩ፤ ዴልበርት ጉድጓድ ሳይደፍን ሄዶ አያውቅም። አካፋው ግን እዚያው ወድቋል። ከአካፋው ሁለት እርምጃ ርቆ ደግሞ...

ዘንጉ ቆሟል።

ከአሸዋው ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ መያዣው ወደ ሰማይ። የሚይዘው ሰው የለም።

ክው አልኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዴልበርት አይደለም። ስለ ቀለበቷ ነው። ሰው ይመጣል፣ ዘንጉን ያያል፣ ይከፍተዋል። የማን ሥራ እንደሆነ ደግሞ ስሜ ተጽፎበታል።

በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት።

ዘንጉ ወደ ታች ተጎተተ።

አንዴ... ቆም አለ... ሁለቴ።

እርጥብ አሸዋ ነገርን ይስባል። ባሕር ዳር የኖረ ያውቀዋል። እግሬን ተክዬ በሙሉ ኃይሌ ሳብኩትና ወጣ። መኪናዬ ውስጥ ከተትኩት፣ በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፣ ከዚያ ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ደወልኩ። ዴልበርትን ሲያወጡት አንድ እጁ ከራሱ በላይ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ እንደተጨበጡ ነበር።

ፖሊሱ ጠየቀኝ። «አብራችሁ ነበራችሁ?»

«አልነበርንም። ቁርስ በልቼ ስመጣ ነው አካፋውን ያየሁት።»

በማግስቱ ጠዋት የራሴን ማሽን አነሳሁ። ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ግን ረዘመብኝ።

ስድስተኛው ላይ ሳደርገው ልክ ሆነ።

እርጅና ነው አልኩ። ስልሳ አራት ዓመት ቀልድ አይደለም፤ ወገብ ይጎብጣል።

ከቀብሩ በኋላ ክለቡ ተሰበሰበ። ማንም አልበላም። አንዱ ወደ እኔ ዞረ።

«የሠራህለት ዘንግ የት ገባ?»

«ባሕሩ ወስዶታል» አልኩ።

በማግስቱ አምስተኛው ቀዳዳ።

የሱሪዬ ጫፍ መሬት ይጠርግ ጀመር። ወጥ ቤት ከላይኛው መደርደሪያ ስኳር ላወርድ ስል እጄ አልደረሰም። ጋራዡ ውስጥ፣ ሁልጊዜ የምቆምበት የሥራ ጠረጴዛ ፊት፣ ሲሚንቶው ላይ ሁለት እርጥብ ቦታዎች አየሁ። የጫማ ቅርጽ አላቸው። በጨርቅ ጠረግኳቸው። ጨርቁ አሸዋ ያዘ።

የዴልበርትን ዘንግ ጣሪያው ሥር፣ ከሌሎች ዘንጎች መሐል፣ አጋድሜ ደብቄዋለሁ። ቆርጬ ቀለበቷን ላወጣ ሦስት ጊዜ መጋዝ አንስቼ ሦስቴም አስቀመጥኩ። አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ውስጡ የሆነ ነገር ይንሸራተታል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው...

ሽሽሽ... ቅል።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ የዴልበርት ልጅ መጣች። ኪርስተን ትባላለች። የአባቷን ኮፍያ አድርጋ ነበር።

«አጎቴ ኦሪን፣ ረበሽኩዎት?»

«ኧረ ግቢ።»

«ዘንግ እንዲሠሩልኝ ነው። በእሱ ልክ፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ የሚያዝ።» «እኔ ልቀጥልለት አስቤ ነው። የእማዬን ቀለበት ፍለጋ።»

አልዋሻችሁም፣ ያኔ ልነግራት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።

ሽሽሽ... ቅል።

ቀና አለች። «ምንድነው እሱ?»

«አይጥ ነው።»

«ብረት ይመስላል።»

«አይጥ ነው አልኩሽ፣ የኔ ልጅ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አጎቴ... አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን ሲደርሱ አባዬ... ተሠቃይቶ ይሆን?»

«ምንም አልተሰማውም። ወዲያው ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ልታቅፈኝ ቀረበች። ድሮ ስታቅፈኝ ግንባሯ ደረቴ ላይ ያርፍ ነበር። አሁን አገጯ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ወደ ኋላ አለች። እግሬን አየች፣ ፊቴን አየች።

«ምነው... ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። መኪናዋ ድረስ እየዞረች እያየችኝ ሄደች።

አራተኛው ቀዳዳ።

ያኔ ነው የገባኝ። በዋሸሁ ቁጥር አንድ ቀዳዳ እወርዳለሁ። እንግዲያው እውነቱን ከተናገርኩ ወደ ሰባተኛው እመለሳለሁ ማለት ነው።

ለኪርስተን መናገር አልችልም። ዓይኗን እያየሁ አልችልም፤ እስር ቤትም ለእኔ ዕድሜ አይሆንም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ጻፍኩት። ስሞቹን ቀይሬያለሁ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ቀለበቷን እኔ ደበቅኳት። ዝቅ በል ያልኩት እኔ ነኝ። ዘንጉን የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ግን ይህችን ያዙልኝ። እኔ ስደርስ ዴልበርት ሞቶ ነበር። ዘንጉን የሳበው አሸዋው ነው።

ይኸው፣ ተናገርኩ።

...

ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ቀትር ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝቷል።

የራሴን ማሽን አነሳሁ። ሰባተኛው ላይ አደረግኩት። ረዘመ። አራተኛው ላይ አደረግኩት።

ረዘመ።

ሦስተኛው ላይ አደረግኩት። መዳፌ ውስጥ ልክክ አለ፣ ለእኔ የተለካ ይመስል።

ማሽኑ ጠፍቷል። ሳህኑ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አርፏል። ዘንጉን ቀጥ አድርጌ ይዤዋለሁ።

ወደ ታች ተጎተተ።

አንዴ... ቆም አለ... ሁለቴ።

ለቀቅኩት።

ይህን የምጽፈው ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ እሱን እያየሁ ነው። አልወደቀም። ወለሉ መሐል ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል።