የቀኙ መጥረጊያ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን መጀመሪያ ያዙልኝ፣ እንዲያውም ጂን አየሁ፣ ቆሌ ያዘኝ የሚሉ ሰዎችን በሆዴ እንቃቸዋለሁ፣ በአፌ ግን አልናገርም፣ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይታሰራል። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ሽቦው የተነቀለ ሞተር እንደማይዞር ለማወቅ ግን ስድስተኛ ክፍልም ይበዛል።

የምሠራው ሰበታ ውስጥ፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ጋራዥ ነው። ከወላይታ መጥቼ መጀመሪያ ፋብሪካ ገባሁ፣ ከዚያ እዚህ ሞተር አጣቢ ሆንኩ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ማንም የማይፈልገውን ሥራ ሰጡኝ፣ የአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ። ወንዶቹ የሚወዱት ካምቢዮ አውርደው ደረት መንፋት ነው፣ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ሥር ተጣጥፎ ገብቶ ስንት ዘመን የደረቀ ግራሶ በናፍጣ መፋቅ ለእነሱ ውርደት ነው። መለዋወጫው ገበያ ላይ የለም፣ ስለዚህ የተበላውን ቡሽ፣ ክንዱ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ከውሃ ቧንቧ ፕላስቲክ ቆርጬ እሞርደዋለሁ፣ የመጥረጊያውን ክንዶች ከመንቀሌ በፊትም የሚያርፉበትን ቦታ መስታወቱ ላይ በሳሙና አሰምራለሁ፣ ይህን ያላደረገ ሰው መልሶ ሲገጥመው መጥረጊያው ሰማይ እያየ ይቀራል። ባልደረባዬን ቶሎሳን ማለቴ ነው።

ባለፈው ክረምት ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሰው ከቡራዩ፣ ከገፈርሳ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ቀይ የድሮ መኪና አስጎትተው መጡ። የአሮጌ መኪና ወዳጆችን አውቃቸዋለሁ፣ ሠርግ ላይ ፎቶ ለመነሣት ሞተሩን ያስወለውላሉ፣ ዝናብ ጠብ ሲል ግን ሸራ አልብሰው ይሸሻሉ። እኚህ ግን ልጄን ትምህርት ቤት አመላልስባታለሁ አሉ።

“አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ” ብለው በኦሮምኛ እንደ ልጃቸው ሰላም አሉኝ፣ “የግራውን አሳምረሽ ሥሪልኝ። የቀኙን ግን አትግጠሚው፣ ቀዳዳውን በጎማ ድፈኚው።”

ቶሎሳ ከሌላ መኪና ኮፈን ሥር አንገቱን አወጣ። “ኦቦ፣ በቀኝ የሚቀመጠው ሰው ዓይን የለውም እንዴ?”

“እዚያ ማንም አይቀመጥም። ልጄ ከኋላ ናት።”

አልሳቁም። ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አፈርኩ፣ በሆዴ ግን ‘ቋጣሪ፣ መኪና ያህል ነገር ይዘህ ለአንድ ክንድ ጥገና ትሰስታለህ’ ብዬ ናቅኋቸው።

ሲሄዱ ቶሎሳ፣ “አየለች፣ ተጠንቀቂ፣ የዚህች መኪና ቆሌ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው” አለኝ።

ብሎን አጥብቆ ማሰር የማይችል ሰው ስለ ቆሌ ያስተምረኛል! አለቃችን ጋሽ መኩሪያ ደግሞ፣ “ይቺን ካሳመርሽ አሮጌዎቹ ሁሉ ያንቺ ናቸው፣ ካበላሸሽ ወደ እጥበትሽ” አሉኝ፣ እኔ የማስበው ይህን ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ጋሽ መኩሪያ ለዕቃ አዲስ አበባ ሄደዋል፣ ቶሎሳ ምሳ ብሎ ጠፍቷል። የመኪናዋ አፍንጫ ከቆርቆሮው ጣሪያ ውጭ ነው፣ ዝናቡም ጀምሯል። ልብ በሉልኝ፣ ባትሪው ወርዶ ቻርጅ ላይ ነው፣ የመጥረጊያው ሞተር ተፈትቶ ጭኔ ላይ ነው፣ ሁለቱም ክንዶች እጠረጴዛው ላይ ከፊቴ ተጋድመዋል። ቡሽ እየሞረድኩ ሳለ ከኋላዬ ሽርር… ሽርር… የሚል ድምፅ መጣ፣ ጎማ መስታወት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ይህን ድምፅ እኔ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ዞር ስል ቆመ።

ውሃው በመስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ በግራም በመሃልም፣ በቀኝ በኩል ግን እንደ ማራገቢያ ተከፍቶ የደረቀ ቦታ አለ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፣ ዝናቡ እያረፈበት አይርስም። ንፋስ ነው አልኩ። እመኑኝ፣ ያን ጊዜም አልፈራሁም፣ የቶሎሳ ተንኮል መስሎኝ ተናድጄ ነበር። መኪናዋን ብቻዬን ገፍቼ ጣሪያ ሥር አስገባኋት፣ መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር ወፍራም የሳሙና አረፋ ቀባሁት፣ ‘እስቲ አሁን ጥረግ’ ብዬ በሆዴ ተሳለቅሁ፣ ጀርባዬንም ሰጠሁ።

ሽርር።

አንድ ጊዜ ብቻ። ስዞር በቀኝ በኩል አረፋው ተገፍቶ ጠርዝ ላይ ተከምሯል፣ መሃሉ ጥርት ብሏል፣ በዙሪያው የሌላ ሰው ዱካ የለም፣ ወለሉ ደግሞ ጭቃ ነው፣ ከእኔ ኮቴ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ሮጬ መውጣት ነበረብኝ አይደል? አልወጣሁም፣ ወደ እጥበቱ ተመልሼ ሞተር ሳጥብ ታየኝ። ሞተሩን ገጠምኩ፣ ባትሪውን መለስኩ፣ የግራውን ክንድ አሰርኩ፣ የቀኙን ቀዳዳ በጎማ ደፈንኩ፣ ያን አረፋ ለመንካት ግን አልደፈርኩም። ልክ ስጨርስ ኦቦ ገመዳ አሥር ዓመት የሚሆናትን ልጃቸውን ሲፈንን ይዘው ገቡ።

“አባ፣ ከፊት ልቀመጥ?” አለች ልጅቷ።

አባትየው መስታወቱን እያዩ ቀሩ፣ ከዚያ የተደፈነውን ቀዳዳ፣ ከዚያ እኔን።

“ይህን የጠረግሽው አንቺ ነሽ?”

አላውቅም ብል ያበደች ልባል ነው፣ ጋሽ መኩሪያም ሲመለሱ ይሰማሉ። “አዎ” አልኩ፣ “በጨርቅ።”

ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ የቀኙንም በር ከፈቱ። “እንግዲያው ግቢ።”

አንገቷን ይዤ ላወጣት ይገባኝ ነበር፣ እኔ ግን ጨርቄን አጥፌ ቆምኩ። ወደ ኋላ እየነዱ ሲወጡ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ወረደ፣ የግራው መጥረጊያ ሄደ መጣ፣ እንደ ሰዓት ነው የሠራሁት፣ በቀኝ ምንም ክንድ የለም፣ የልጅቷ ፊት ግን ጥርት ብሎ ይታየኛል። ትስቃለች። እኔን እያየች አልነበረም።

ጋሽ መኩሪያ ቃላቸውን ጠበቁ፣ ከሱሉልታ ሳይቀር አሮጌ መኪና ይመጣልኛል፣ ቶሎሳም ተናዶ ‘ፕሮፌሰር’ ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ የኦቦ ገመዳን ስልክ ቁጥር ከሥራ ወረቀቱ ላይ አንብቤ ደወልኩ፣ በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ስደውል የመጀመሪያዬ ነው።

“ኦቦ፣ የሰበታዋ ነኝ። ያን መስታወት እኔ አልጠረግኩትም።”

“አውቃለሁ” አሉ። “በጨርቅ የተጠረገ እንደዚያ አይወጣም። በፊትም በዝናብ እንዲሁ በራሱ ይጠረግ ነበር፣ መኪናዋን ያቆምኳትም፣ የቀኙን አትግጠሚ ያልኩሽም ለዚያ ነው። ግን ሰው ‘እኔ ነኝ’ ሲለኝ ማመን አማረኝ።”

“ሲፈንስ?”

“ከፊት አልነሣም አለች። ሲዘንብ ቁልፉን ራሷ ታመጣልኛለች።” ከዚያ፣ “ደህና ሁኚ፣ ኢንታላ ኮ” ብለው ዘጉት። መልሼ ብደውል አላነሡም።

ፈሪ፣ አልኩ። አባት ተብሎ፣ እያወቀ ልጁን እዚያ ያስቀምጣል፣ ብዬ ናቅኋቸው፣ ንቀቱ ግን እሳቸው ዘንድ አልቆመም። አሁን ደግሞ ሌላ ክረምት ሊገባ ነው። በጂን ታምኛለሽ ወይ ብትሉኝ ዛሬም አላምንም። ያን ቀን ግን ‘አላውቅም’ ብዬ ቢሆን ልጅቷ ከኋላ ትቀመጥ ነበር፣ ይህን ለማወቅ ማመን አያስፈልግም።