የሐሙስ ርክክብ

«እኔ ስረከብ ያ መስመር አልነበረም» አልኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ። «በኋላ ጨምሮት ይሆናል።»

«በኋላ መቼ?» አለች አለቃችን። «ከሞተ በኋላ?»

የምንሠራውን ሶፍትዌር የሚፈትሸው ሞካሪያችን ጉሮሮውን ጠረገ።

ይህን የማወራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። እኔ ቤቴ፣ የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ከሁለቱ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ፀሐይ በመስኮት ገብታለች፤ ጎረቤቴ ልብስ እያሰጣች ታንጎራጉራለች።

አስፈሪ ነገር የሚመጣበት ሰዓት አልነበረም...

አራት ነበርን። የውኃ ፓምፖችን የሚያዝ ሶፍትዌር እንሠራለን። የምንኖረው በአራት የተለያዩ ከተሞች ስለሆነ በአካል ተያይተን አናውቅም። አንዳችን ስንጨርስ ሌላው ይጀምራል።

ታላቃችን ጋሼ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በጽሑፍ ብቻ። «ቀስ በል ልጄ፣ ስህተት እንደሆነ የትም አይሄድም፤ ይጠብቅሃል» ይለኝ ነበር። አለቃችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ባለች ቁጥር፣ «አንበሳው እስኪመጣ ድሩን እንጠግን» ብሎ ያስቀን ነበር።

የርክክቡን ደንብ ያወጣውም እሱ ነው። አፍ ይረሳል ብሎ ስለሚያምን፣ በእኛ ዘንድ ሥራ በቃል አይተላለፍም። የጨረሰ ሰው በጋራ ገጻችን ላይ ሦስት መስመር ይጽፋል፦ የሠራሁት፣ የቀረው፣ የቸገረኝ። ተረካቢው አንብቦ «አይቻለሁ» የሚለውን ምልክት ይነካል። ሌሎቹም ተከትለው ይነካሉ።

ጋሼ «የቸገረኝ» የሚለው ላይ ሁልጊዜ የሚጽፈው «የለም» ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ «የለም»።

እኔም እስከዚያ መስመር ማንበብ ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን እንዲህ ብሎ ነበር፦

«የቸገረኝ፦ ግራ ጎኔ አልታዘዝ አለኝ። ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ስልኬ ሌላ ክፍል ነው። እባካችሁ ለልጄ ደውሉላት።»

ቁጥሯንም ጽፎታል።

ከሥሩ ሦስት ምልክት አለ።

ያገኘችው ልጁ ናት፣ ቅዳሜ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ። የገጹን ፎቶ ለአለቃችን ልካ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። ሦስቱ ምልክቶች ምን ማለት ናቸው?

ጭቅጭቃችን ይህ ነበር። አለቃችን የእኔን ምልክት አይታ፣ ሳታነብ መንካቷን አልካደችም። ሞካሪውም «ሁለት ሰው ካየው ምን ቀረ» ብሎ መንካቱን ተናግሯል። የካድኩት እኔ ነኝ። የሐሙስ ተረካቢ እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ በፊት ሊያነበው የሚገባ ሰው አልነበረም።

ያደረግሁትን ደኅና አድርጌ አስታውሳለሁ። ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ በሌላው እጄ ስልኬን ይዤ፣ ሳላነብ ነካሁት።

አለቃችን ልጅቷ መልስ እየጠበቀች መሆኗን ተናገረች። ድምጿ ተሰባብሯል። ምልክቱ በራሱ የሚመጣ ነው ብንላትስ አለች።



ያን ጊዜ ነው በማዳመጫዬ የሰማሁት...

ጠቅ።

ዝም አለ።

ጠቅ...

በአንድ እጁ፣ ፊደል እየፈለገ የሚጽፍ ሰው ድምፅ ነው።

«ማነው የሚጽፈው?» አለች አለቃችን።

«እኔ አይደለሁም» አለ ሞካሪው በሹክሹክታ። ሁለት እጆቹን ወደ ካሜራው አነሣ። እኔም አነሣሁ።

ጠቅ...

ኔትወርኩ ነው ብላ አለቃችን ንግግሯን ቀጠለች። እኔ ግን ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ።

በስብሰባው ያሉ ሰዎች፦ አራት።

ቆጠርኩ። አለቃችን፣ ሞካሪው፣ እኔ።

የርክክቡን ገጽ ከፈትኩ። የማክሰኞ ቀን፣ የጋሼ ቦታ። ሁለቱ መስመሮች ባዶ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል...

«የቸገረኝ፦ ደ»

«የቸገረኝ፦ ደወ»

«የቸገረኝ፦ ደወላችሁላት?»

 ልጮኽ ፈለግሁ። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ የጎዳኝ ሌላ ነገር ነው። አሁንም ይጠብቃል። ያየነው መስሎት፣ ከሐሙስ ጀምሮ ይጠብቃል።

ጻፍኩለት። የምጽፈውን ድምፄን አውጥቼ እንደማነበው ያወቅሁት ሁለቱ ንግግራቸውን ሲያቆሙ ነው።

«አልደወልንም ጋሼ... መስመሩ ነበረ። ሳላነብ ነው የነካሁት።»

 የጎረቤቴ እንጉርጉሮ ተቋርጧል።

የሚጠበቀው ስድብ ነበር። ሞካሪው ግን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። አለቃችን፣ እኔ እነግራታለሁ አለች።

«አይሆንም» አልኩ። «እኔ ልደውልላት። ቁጥሯን ስጪኝ።»

አለቃችን ቁጥሩን ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። እኔም ወረቀት ስቤ መጻፍ ጀመርኩ።

በማዳመጫዬ ውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።

ቀጥሎ እርምጃ... አንደኛው እግር ወለሉን እየጎተተ፣ ከማይክሮፎኑ ቀስ እያለ የሚርቅ እርምጃ።

በስብሰባው ያሉ ሰዎች፦ ሦስት።

«ጻፍከው?» አለችኝ አለቃችን።

«ጻፍኩት» አልኩ።