ሁለት መሐላ በአንድ አፍ

እሑድ እሑድ የአቶ አጽብሐ ቤተሰብ ሦስት ቦታ ይበተን ነበር። እናትየዋ ወይዘሮ ትብለጽ ቅዳሴ ካበቃ በኋላም ወደ ቤት አትመለስም፤ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከአንዱ ዛፍ ሥር ነጠላዋን ተከናንባ እንደተቀመጠች ዘጠኝ ሰዓት ይሞላል። አባትየው ሠራተኛ ሰፈር ያለችውን የሞተር ሳይክል መጠገኛ ቤቱን ከውስጥ ቆልፎ፣ የያዘው ሥራ ሳይኖር የሞተር ካንዴላ ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ልጃቸው ዊንታ ደግሞ ምኒልክ አደባባይ ጥግ ካለች ካፌ ገብታ፣ ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስልኳ ላይ ታቀረቅራለች። ይህ ሁሉ ለምን? በዚያች ሰዓት ባሕር ማዶ፣ ጣልያን አገር፣ የቤቱ የበኩር ልጅ ልዑል በሰዓት ሁለት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሚበር ሞተር ላይ ተደፍቶ ይወዳደራል። እናቱ ማየት አትችልም፤ አባቱ ማየት አይደፍርም። የምታየው ዊንታ ብቻ ናት። ውድድሩ ሲያበቃ መጀመሪያ ወደ ጊዮርጊስ፣ ቀጥላ ወደ ጋራዡ እየሮጠች ስንተኛ እንደወጣ ትነግራቸዋለች። የቤተሰቡ ዓይን እሷ ነበረች። ምነው ያን ዓይን ባልሆንኩ ብላ የምታለቅስበት ቀን እንደሚመጣ ማን ነገራት?

ልዑል ሞተር የለመደው በአባቱ እጅ ነው። በልጅነቱ አባቱ የጠገናቸውን ሞተሮች እየሞከረ የቸርችልን ቁልቁለት ሲወርድ የሰፈሩ ሰው ግድግዳ ይዞ ያማትብ ነበር። በሃያ አንድ ዓመቱ በከተማው ውድድር ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንደኛ ሲወጣ፣ ለጉብኝት የመጣ አንድ ሽማግሌ ጣልያናዊ አይቶት ወደ አገሩ፣ ወደ ትንሽ የውድድር ቡድኑ ወሰደው። የመጀመሪያውን ዓመት ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት፣ ኩርባ ላይ ጉልበቱ አስፋልት እስኪልስ ድረስ ከነሞተሩ ወደ ጎን መተኛትን ተማረና ሦስተኛ መውጣት ጀመረ። በሦስተኛው ደመወዝተኛ ተወዳዳሪ ሆኖ ፈረመ። በአራተኛው ዓመት በአጠቃላይ ነጥብ ሁለተኛ ነበር፤ ዋንጫው እጁ ላይ ሊወድቅ ጥቂት ውድድሮች ቀርተዋል። ጎረቤታቸው ጋሼ ተክለሃይማኖት አቶ አጽብሐን ባገኙት ቁጥር፣ «እኛ ለአራት ኪሎ ታክሲ አጥተን በእግራችን እንኳትናለን፤ ያንተ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲበር ውሎ እዚያው የተነሣበት ቦታ ይገኛል። እንዲያው ላይደርስ ምን አስሮጠው?» እያሉ ይቀልዱበታል። አጽብሐ ይስቃል። ልጁን የሚያነሣለት ሁሉ ወዳጁ ነበር።

የግንቦት የመጨረሻው እሑድ ግን መጣ። ሰባተኛው ዙር ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በምትታጠፍ ኩርባ፣ ከፊት የነበረው ሞተር ሸርተት አለ። ልዑል ሊያመልጠው ሰበር ሲያደርግ ከኋላ የሚመጣው ደረሰበት። ዊንታ ያየችው ሃያ ሰባት ቁጥር የተጻፈበትን የወንድሟን ሞተር ሣሩ ላይ ሲንከባለል ነው። ከዚያ ካሜራው ፊቱን አዞረ። ካሜራ ፊቱን ሲያዞር ምን ማለት እንደሆነ የውድድር ተመልካች ሁሉ ያውቀዋል… ዊንታ እንዴት እንደተነሣች፣ እንዴት መንገዱን እንደተሻገረች አታስታውስም። እናቷ ዛፉ ሥር ሆና፣ «ስንተኛ ወጣልኝ?» አለቻት። ለትብለጽ ቁጥር ሁሉ አንድ ነው፤ አንደኛም ሃያኛም ማለት ልጄ በደህና ደረሰ ማለት ነው። ዊንታ ያንን ፊት አየችና ምላሷ በራሱ ተላወሰ። «ሰባተኛ» አለች። እናቷ መሬቱን ሳመች።

ልዑል በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ደወለላት። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። ድምፁ እንደ ሰው ዕቃ ባዕድ ነበር። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ ከዚያ እሱ ቀድሞ ተረጋጋና የእናታቸውን ደም ግፊት አነሣ። ባለፈው ዓመት እጁን ወለም እንዳለው ስትሰማ እንኳ ወድቃ እንደነበር አስታወሳት።

«ዊንትዬ፣ አደይ ይህን ከሰማች አትተርፍም። እግር ተሠርቶልኝ፣ በራሴ ቆሜ ያንን በር እስክገባ ለማንም እንዳትናገሪ። በጊዮርጊስ ማይልኝ።»

ማለችለት። ምን ታድርግ? በሰፈሩ ያንን ውድድር ከእሷ በቀር የሚከታተል አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ የማይሮጠውን ወንድሟን ታስሮጠው ጀመር። አንድ ቀን አምስተኛ፣ አንድ ቀን አራተኛ… ዝናብ ዘነበበት፣ ጎማ ቀየሩለት፣ በመጨረሻው ኩርባ አንዱን አለፈው… ለአባቷ ሲሆን የፍሬኑንና የማርሹን ነገር ጨምራ ታወራለታለች። አጽብሐ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል፤ አንዳንዴ «እዚያ ላይ መቸኮል አልነበረበትም» ብሎ ያልተደረገውን ውድድር ይተቻል። የማንን እንባ ማን ያያል! ልጅቷ ከዚያ ወጥታ እጥፍ ብላ ታለቅስ ነበር።

ሰኔ እኩሌታ ላይ ትብለጽ ታመመች። ወገቧን ሲያማት ከርሞ ኖሮ ችላ ያለችው ነገር፣ ስትመረመር ሰው ስሙን ጮክ ብሎ የማይጠራው ያ ክፉ በሽታ ሆኖ ተገኘ፤ ሥር ሰዷል። ሐኪሙ አባትና ልጅን ለብቻ ጠርቶ፣ ክረምቱን ከወጣች እግዚአብሔር ይመስገን በሉ አላቸው። አቶ አጽብሐ ከዚያ እንደወጣ በእግሩ ወደ ቤት አቀና። ጊዮርጊስ በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመና የልጁን እጅ ያዘ። አርባ ዓመት ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ነጂ ሐሳቡ ለአንዲት ቅጽበት ከተበተነ ምን እንደሚሆን ያውቃል።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይህን ለልዑል ብትነግሪው ኩርባ ላይ እናቱን ያስባል። ያን ጊዜ አንድ ሬሳ ሳይሆን ሁለት ነው የማወጣው። ውድድሩ በመስከረም እስኪያልቅ እንዳትነግሪው። እዚሁ በሩ ላይ ማይልኝ።»

ዊንታ አፏን ከፈተች። «አቦይ፣ እሱ እኮ…» ልትል ነበር። ግን በዚያ ፊት ላይ፣ ሚስቱን ሊያጣ መሆኑን ከሰማ ሰዓት ባልሞላው ሰው ፊት ላይ፣ ልጅህም እግሩን አጥቷል ብሎ መጨመር የማን ጭካኔ ነው? በዚያ ላይ መሐላ አለባት። አፏን ዘጋችና ሁለተኛውን ማለች። በአንድ ታቦት ስም፣ በአንድ አፍ፣ ሁለት መሐላ! አንዱ ልጅን ከእናቱ ደበቀ፤ አንዱ እናትን ከልጇ።

ሐምሌ ዝናቡን ይዞ ገባ። ትብለጽ አልጋ ላይ ሆና በየቀኑ ታንስ ጀመር። ልዑል ሲደውል ትራሱን ደገፍ ትልና ሕመሟን በጥርሷ ነክሳ፣ ገበያ ደርሳ እንደመጣች፣ ጉልበቷ ብቻ ትንሽ እንደያዛት ታወራለታለች፤ ባሏ አስጠንቅቋታል። እሱም ከዚያኛው ጫፍ፣ ልምምዱ እንደበዛበት፣ እግሩ እስኪዝል እንደሚሮጥ ይነግራታል። ስልኩን የምትይዘው ዊንታ ናት። የሁለቱን ጣፋጭ ውሸት በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች።

ፍልሰታ ሲገባ ትብለጽ መዋጥ አቃታት። አንድ ቀን ባሏን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ልዑልን አንዴ ብቻ ዓይኑን ልየው፣ ከዚያ የፈለገው ይሁን አለችው። አጽብሐ ሁለት ውድድር ብቻ ነው የቀረው፣ ጥቂት ታገሺ እያለ እጇን ሲስም፣ ዊንታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ሁለት ውድድር! የትኛው ውድድር? ነጠላዋን አንሥታ በዝናብ ወጣችና በቀጥታ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ዘርዓብሩክ ሄደች። ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ካህኑ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«መቼ ነው የማልሽው?» አሏት።

«የመጀመሪያውን በግንቦት መጨረሻ፤ ሁለተኛውን በሰኔ፣ አባ።»

«ምነው ልጄ፣ ያኔ ብትመጪ…» አሉና ተዉት። «መሐላ ሰውን ከሐሰት ሊያቅበው ነው የተሠራው፤ ልጅን ከእናቱ ለመለየት አይደለም። አሁን ሂጂና ንገሪው። ቀኖናውን እኔ ካንቺ ጋር እይዘዋለሁ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ሆና ለልዑል ደወለችለትና የእናታቸውን ሕመም ነገረችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛችው?»

«ከሰኔ።»

«ከሰኔ…» አለ ልዑል። «እኔ እኮ ከሰኔ ጀምሮ ግድግዳ ነው የማየው፣ ዊንታ። ሥራ የለኝም፤ ውድድር የለኝም። ቁጭ ብዬ ግድግዳ ነው የማየው።»

ለአባቷ ግን የነገረችው ልዑል እንደሚመጣ ብቻ ነው። የቀረውን ልትል ብትሞክር ጉልበት አጣች። አጽብሐ አልጮኸም፤ አልመታትም። መሐላዋን እንዳፈረሰች፣ የወንድሟን የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ስልክ እንዳፈሰሰችው በዝግታ ነገራትና ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷን አላየም። ዊንታ እንጀራውን ስታቀርብለት ወደ ግድግዳው ይዞራል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ታክሲ ደጃፉ ላይ ቆመ። ልዑል በሩን ይዞ ወረደ። ሱሪው ሰፊ ነው፤ በእጁ ከዘራ ይዟል። አባቱ ሲያየው ትንሽ ተጎድቶ ነው ብሎ አሰበ፤ ለነጂ ብርቅ አይደለም። ሁለቱ ተሳሳሙ፤ ልዑል ግን ቀጥታ ወደ ውስጥ አለፈ። ትብለጽ በዚያ ሰዓት ዓይኗ በመድኃኒቱ ፈዟል፤ ድምፁን ስትሰማ ግን እጇን ዘረጋች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠላት። ፊቱን ዳሰሰች፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን… ሁሉም እናት ከመንገድ የመጣ ልጇን እንደምትዳስሰው ወደ ታች ወረደች። ጉልበቱን አለፈች። እጇ ግራ እግሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ እግርህ እንዴት በርዶታል» አለች በደከመ ድምፅ። «በዚህ ብርድ ያለ ካልሲ… ዊንታ፣ የሚያለብሰው ነገር አምጪለት።»

ከዚያ በሁለት እጇ፣ ባለቀ ጉልበቷ፣ ያንን የማይሞቅ እግር ታሻሽ ጀመር። ልዑል ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያውን አየ። አጽብሐ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ገለጥ አደረገ። ብረትና ፕላስቲክ ነው። ያ ሁሉ እሑድ፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ዝናቡ፣ ጎማው፣ ሁሉም በአንዴ ራሱ ላይ ተናደበት። ቀና ብሎ ልጁን ዊንታን አያት፤ እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ዝም የሚልበት ጉልበት የሚሰጠው እንዲህ ላለ ቀን ይሆን? አጽብሐ የለበሰውን ጋቢ አወለቀ፤ ተንበርክኮ የልጁን የብረት እግር ጠቀለለ፤ የራሱንም እጅ ከሚስቱ እጅ አጠገብ አድርጎ ያሻሽ ጀመር።

«እውነትሽን ነው ትብለጽ» አለ፣ «በርዶታል። አሁን ይሞቅለታል።»

«አዎ፣ ይሞቅለታል» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገረች። ሁለት ቀን ከልጇ እጅ ሳትለይ ቆይታ፣ ሱባኤው ሊፈታ ሲል ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት ዐረፈች። እግሩን አላወቀችም፤ ወይም አውቃ አላወቅሁም ብላለች። ያንን የሚያውቅ እሷና ፈጣሪዋ ናቸው።

ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀንስ፣ ዊንታ መጥታ ከአባቷ እግር ሥር ልትደፋ ጎንበስ አለች። አጽብሐ በትከሻዋ ያዛትና፣ አባት ለልጁ በማያደርገው ልማድ፣ እሱ ራሱ ወደ ጉልበቷ ጎነበሰ። ሁለት ሰው መሸከም ያቃታቸውን በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ የጫኑት እሱና ወንድሟ እንደሆኑ ነገራት። ልዑልም በከዘራው እየተደገፈ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሦስቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ጋሼ ተክለሃይማኖት ፊታቸውን አዙረው ወጡ፤ ያን ቀን የሚቀልዱት አልነበራቸውም።

ትብለጽን የወሰዳት የሰጣት ነው፤ የአርባ ቀን ዕድሏ ነው ብሎ መጽናናት ይቻላል። የልዑልንም እግር ያቺ ኩርባ ወሰደችው እንበል። ሰኔንና ሐምሌን ግን ማን ወሰደባቸው? እናት አልጋ ላይ ሆና በር በር የምታይባቸውን፣ ልጅ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ የሚያይባቸውን ሁለት ወራት? ዕድል አይደለም፤ ጠላትም አይደለም። እየተሳሱ፣ እየተዋደዱ፣ አንዱ ለአንዱ «ደህና ነኝ» ሲሉ በገዛ እጃቸው ነው የወሰዱት። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ በየቤታችሁ «ደህና ነኝ» ያላችሁ ሰው ካለ… እስኪ ሄዳችሁ ዳግመኛ ጠይቁት።